ኡቡንቱ 20.04ን ወደ አዲሱ እትም ማሸጋገር፦ መብራት ቢጠፋ የሚያስፈራው የቱ ጋ ነው?

ላፕቶፓችሁ ላይ ኡቡንቱ የጫናችሁ ካላችሁ ይቺን ጽሑፍ ሴቭ አድርጓት። ትፈልጓታላችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው። 20.04 ማለት በፈረንጆቹ 2020፣ በ4ኛው ወር የወጣ ማለት ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም.። በየሁለት ዓመቱ የሚወጡት ኤል ቲ ኤስ የሚባሉት እትሞች ለአምስት ዓመት የደኅንነት ማስተካከያ ያገኛሉ። የ20.04 ጊዜ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽኑ አይቆምም፣ እንደ ድሮው ይሠራል። ግን አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም። ለጊዜው መሸጋገር የማትችሉ፣ ኡቡንቱ ፕሮ የሚባለው አገልግሎት ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ማሽን በነጻ ስለሆነ አምስት ዓመት ይጨምርላችኋል። መመዝገብ ብቻ ነው።

👉 አፕዴትና አፕግሬድ አንድ አይደሉም። አፕዴት ያለውን እትም መጠገን ነው፤ አፕግሬድ እትሙን ራሱን መቀየር ነው። ከ20.04 ቀጥታ ወደ 24.04 መዝለል ደግሞ አይቻልም። መጀመሪያ 22.04፣ ከዚያ 24.04። እያንዳንዱ እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ያወርዳል፣ ስለዚህ ፓኬጃችሁን ለሁለት ጊዜ አስሉት። 22.04 ላይ ፋየርፎክስ ስናፕ በሚባል ሌላ አሠራር እንደ አዲስ ስለሚወርድ ኔትወርክ ደካማ ከሆነ እሱ ጋ ቆሞ የተበላሸ ይመስላል። አልተበላሸም፣ ታገሱት።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ። ለገጻችን ከምንሠራባቸው ላፕቶፖች አንዷ ጫኖ ናት፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ ሙዝ እርሻው አጠገብ። ባትሪዋ የሞተ ስለሆነ ከሶኬት ስትነቀል ወዲያው ትጠፋለች። እንደዚያ ሆና አፕግሬድ ጀመርንባት። ማታ፣ በርካሹ ዳታ፣ ሁሉም ወርዶ አለቀ። መጫን ጀምሮ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። በነጋታው ስናስነሳት ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። የሁለት ዓመት ፎቶና ቃለ ምልልስ በውስጧ ነበር፣ ሌላ ቦታ ያልገለበጥነው። ሞኝነታችን ይሄ ነው።

ያኔ ያላወቅነውና ልናውቀው ይገባ የነበረው ነገር፣ ሥራው ደረጃ በደረጃ የሚሄድ መሆኑን ነው። መጀመሪያ ይፈትሻል፤ ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድ ይነግራችሁና ልጀምር ወይ ብሎ ይጠይቃል። እስከዚህ ድረስ ብትሰርዙት ፕሮግራሞቻችሁ አልተነኩም። ቀጥሎ ያወርዳል። እዚህ ጋ መብራት ቢጠፋ፣ ዳታ ቢያልቅ፣ ግድ የለም፤ የወረደው ዲስኩ ላይ ስለሚቀመጥ በሚቀጥለው ጊዜ ከቀረው ይቀጥላል። ሦስተኛው መጫን ነው። የድሮው ፕሮግራም እየወጣ አዲሱ የሚገባበት ሰዓት ይሄ ነው፣ መቋረጥ የሌለበትም ይሄ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ የማያስፈልገውን ያጸዳና ሪስታርት ይጠይቃል።

ስለዚህ ማውረዱን ጫኖም ሆነ የትም፣ በፈለጋችሁት ሰዓት አስጀምሩት። መጫኑን ግን ባትሪው ሙሉ የሆነ ላፕቶፕ ላይ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ጋር። ባትሪዋ እንደኛዋ ከሆነች ጄኔሬተር ያለበት ቦታ ውሰዷት።

የኛዋ በመጨረሻ ተነሳች። የተቋረጠበት ሁሉ ሊሞክረው የሚችለው መንገድ ነው፦ ሲነሳ ኢስኬፕን (አንዳንዱ ላይ ሺፍትን) ተጭናችሁ ከሚመጣው ዝርዝር አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሪከቨሪ ሞድ የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ ቀጥሎ በሚመጣው ሰሌዳ ላይ ዲፒኬጂ የሚል መስመር አለ። ግማሽ መንገድ የቀሩትን ፕሮግራሞች ከቆሙበት ያስጨርሳቸዋል። እኛ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀብን። ፋይሎቹ አልጠፉም። ግን ፋይሎቻችሁን ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ላይ ሳትገለብጡ እንዳትጀምሩ፣ እኛ ዕድለኞች ነበርን እንጂ።

ብዙ ማሽን ያላችሁ ፎቶኮፒ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ሌላ መንገድ ይሻላችኋል። የ24.04 ሙሉ ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፣ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል። አንድ ሰው ጥሩ ኔትወርክ ያለበት አንዴ አውርዶት ለሁሉም ማሽን ይጫናል፤ ሁለቱን እርምጃም አያስፈልገውም። ዲስኩን ስለሚያጸዳው ግን መገልበጡ እዚህ ግዴታ ነው። ራሙ ከ4 ጊጋባይት በታች ለሆነ ማሽን ሉቡንቱ ወይም ዙቡንቱ ቀለል ይላል።

ከተሸጋገራችሁ በኋላ ሁለት ነገር እዩ። ከኡቡንቱ ውጪ የጨመራችኋቸውን የፕሮግራም ምንጮች አፕግሬዱ ራሱ ስለሚያጠፋቸው መልሳችሁ ማብራት አለባችሁ። ሌላው ፊደል ነው። አማርኛ ኪቦርዱ ከጠፋ ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ የሚለው ጋ ገብታችሁ ጨምሩት። በጋሞኛ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ፋይል ካላችሁም ክፈቱት፤ ለጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ፣ ባስኬቶና ጉሙዝ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ 32 ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት በፈረንጆቹ 2010፣ በ6.0 እትም ነው። ፎንቱ አሮጌ ከሆነ እነሱ ብቻ ባዶ ሳጥን ሆነው ይመጣሉ። ያኔ አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ከኡቡንቱ ማውረጃ ጫኑ፣ ነጻ ነው።