የአየርላንድ ጥናት አጀማመርና በልዩ ልዩ አገሮች መስፋፋት

የአንድን ሕዝብ ቋንቋ፣ ታሪክና ልማድ የሚመረምር ትምህርት ከዚያው ሕዝብ መካከል ይነሣል ብሎ መገመት የተለመደ ነው። የአየርላንድ ጥናት ታሪክ ግን ይህን ግምት የሚያጸና አይደለም። ዛሬ ከደብሊን እስከ ቦስተን፣ ከፕራግ እስከ ሳን ፓውሎ ድረስ በዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው ይህ ትምህርት ሳይንሳዊ መሠረቱን ያገኘው በአየርላንድ ሳይሆን በጀርመን አገር ነው፤ መሠረቱ በተጣለበትም ዘመን ቋንቋው በገዛ አገሩ ወደ መጥፋት ያዘግም ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነና ጥናቱ ከብራና ወደ ሕያው ተናጋሪ በምን አኳኋን እንደ ተሻገረ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ ከገዳም ነው። ከ6ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የአየርላንድ መነኮሳት ባሕር እየተሻገሩ በአውሮጳ ምድር ገዳማትን ይመሠርቱ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ቅዱስ ኮሉምባኑስ በሰሜን ኢጣልያ የቦቢዮን ገዳም የመሠረተው በ614 ገደማ ነው። እነዚህ መነኮሳትና ተከታዮቻቸው የላቲን መጻሕፍት ሲያነቡና ሲያስተምሩ የከበደውን ቃል በገዛ ቋንቋቸው እየተረጎሙ በኅዳግና በመሥመሮች መካከል ይጽፉ ነበር። በቩርትስቡርግ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት፣ በሚላኖ በሚገኘው የመዝሙረ ዳዊት ትርጓሜ፣ በሳንክት ጋለንም በሚገኘው የላቲን ሰዋስው ላይ የተጻፉት የ8ኛውና የ9ኛው ምዕተ ዓመት ቃላት ከሁሉ የላቁ ናቸው። በአየርላንድ የቀሩት ታላላቅ የብራና መጻሕፍት አብዛኛዎቹ በኋለኛው ዘመን የተገለበጡ ስለ ሆኑ ጥንታዊው ቋንቋ ከኋለኛው ጋር ተቀላቅሎባቸዋል። በባዕድ አገር የቀረው የኅዳግ ጽሑፍ ግን በተጻፈበት ዘመን መልኩ ተጠብቆ ኖረ።

የአገሩ ተወላጆችም ቢሆኑ ቅርሳቸውን ቸል አላሉም። በ1607 በሉቫን ከተማ የተቋቋመው የአየርላንድ ፍራንሲስካውያን ኮሌጅ ሚኻል ኦ ክሌሪ የተባለውን ወንድም በ1626 ወደ አገሩ ልኮ የቅዱሳንን ገድል አሰባሰበ፤ ይኸው ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከ1632 እስከ 1636 ድረስ የአገሩን ታላቅ ታሪከ ዘመን አዘጋጀ። በ19ኛውም ምዕተ ዓመት ጆን ኦዶኖቫንና ዩጂን ኦከሪ የሚያስመሰግን ሥራ ሠርተዋል። ሆኖም የጥንቱን ቋንቋ ሕግ ከሌሎች የአውሮጳና የሕንድ ቋንቋዎች ጋር አመሳክሮ ያወጣው ዮሐን ካስፓር ጾይስ የተባለው የባቫርያ ተወላጅ ነው። ጾይስ የየገዳማቱን የኅዳግ ጽሑፍ በገዛ እጁ ገልብጦ ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነውን የሴልቲክ ሰዋስው በላቲን ጽፎ በ1853 በላይፕሲክ አሳተመ።

የኢትዮጵያን ጥናት ለሚከታተል አንባቢ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። አውጉስት ዲልማን የግዕዝን ሰዋስው በጀርመንኛ ያወጣው ከዚያ 4 ዓመት በኋላ፣ በ1857 ነው፤ ሁለቱም መጻሕፍት የአንድ ዘመን የቋንቋ ምርምር ፍሬዎች ናቸው። ልዩነታቸውም መታወስ ይገባዋል። ከዲልማን 2 ምዕተ ዓመት አስቀድሞ ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ አንደበት እየጠየቀ ተምሮ ነበር፤ ጾይስ ግን ሰዋስውን ያወጣው ከብራናው ነው።

ጾይስ ብራናውን ሲመረምር በአየርላንድ የነበረው ሁኔታ እጅግ የሚያሳዝን ነበር። በ1845 የጀመረው የድንች በሽታ ባስከተለው ረኃብ 1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፤ የዚያኑ ያህልም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ረኃቡ ይልቁንም የጐዳው ቋንቋውን ይናገር የነበረውን የምዕራብና የደቡብ ድኻ ባላገር ነው። ከ1831 ጀምሮ የተቋቋሙት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነበረ፤ ወላጆችም ልጆቻቸው ለስደት እንጀራ የሚጠቅማቸውን ቋንቋ እንዲማሩ ይሹ ነበር። በ1851 ቍጥራቸው 1.5 ሚሊዮን ያህል የነበረው የቋንቋው ተናጋሪዎች በ1901 ወደ 640,000 ገደማ ወረዱ። እንግዲህ የሊቃውንቱ መጽሐፍ እየተባዛ፣ የተናጋሪው ቍጥር ግን እየተመናመነ ሄደ።

የውጭ አገር ሊቃውንት ዕውቀት ለሕያው ቋንቋ ረዳት የሆነበት ጊዜ 1899 ነው። በዚያ ዓመት የንግሥቲቱ እንደራሴ ያቋቋመው ኮሚሲዮን ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲመረምር፣ ከ1878 ጀምሮ «ሴልቲክ» በሚል ስም ይሰጥ የነበረው የአየርላንድ ቋንቋ በመርሐ ትምህርቱ ውስጥ ሊኖረው የሚገባው ስፍራ አከራካሪ ሆነ። የትሪኒቲ ኮሌጅ ፕሮፌሰሮች ማሃፊና አትኪንሰን ቋንቋው ለወጣቶች የሚሆን የማስተማሪያ ዋጋ የለውም፤ ሥነ ጽሑፉም ምናብ የጐደለውና ጸያፍ ነገር የበዛበት ነው ብለው መሰከሩ። አትኪንሰን ራሱ ጥንታውያን ጽሑፎችን ያሳተመ ሰው ስለ ነበረ ምስክርነቱ ከባድ ነበር። ከ6 ዓመት በፊት የጌሊክን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ዳግላስ ሃይድ ለዚህ መልስ ለመስጠት ወደ ውጭ አገር ሊቃውንት ጻፈ። ቪንዲሽ ከላይፕሲክ፣ ጺመር ከግራይፍስቫልድ፣ ፔደርሰን ከኮፐንሃገን ስለ ሥነ ጽሑፉ ክብርና ስለ ቋንቋው ጥቅም መሰከሩ፤ ቋንቋውም ከመርሐ ትምህርቱ ሳይወጣ ቀረ። በ1913 ወደ አየርላንድ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ተማሪ ግዴታ ሆነ፤ ሃይድም በ1938 የአየርላንድ የመጀመሪያው ፕሬዚደንት ለመሆን በቃ።

ከዚህ በኋላ ጥናቱ ራሱ አቅጣጫውን ለወጠ። ጀርመናዊው ኩኖ ማየር በ1903 በደብሊን የአየርላንድ ትምህርት ቤት የሚባለውን አቋቁሞ የአገሩን ወጣቶች በአዲሱ የምርምር ዘዴ ማሠልጠን ጀመረ። በ1907 ደግሞ ካርል ማርስትራንደር የተባለ የኖርዌይ ሊቅ በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ወደምትገኘው ወደ ታላቋ ብላስኬት ደሴት ሄዶ ቶማስ ኦ ክሪሂን ከተባለ ዓሣ አጥማጅ ዘንድ ቋንቋውን ተማረ። ከእርሱ በኋላ ከብሪቲሽ ሙዚየም ሮቢን ፍላወር መጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ጠያቂ የበዛበት ዓሣ አጥማጅ የደሴቲቱን ኑሮ ራሱ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1929 ታተመ። ነገር ግን ወጣቱ ስለ ተሰደደና ኑሮው ስለ ከበደ የቀሩት ጥቂት ነዋሪዎች በ1953 ደሴቲቱን ለቀቁ።

የባላገሩን ትውፊት በሰፊው ለመሰብሰብ መንግሥት በ1935 የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሲዮን አቋቋመ። የሥራው መሪ ሼመስ ኦ ዱላርገ ሲሆን፣ የአመዳደቡ ዘዴ ከስዊድን ሊቃውንት የተወሰደ ነው። ሰብሳቢዎቹ ድምፅ በሰም ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ይዘው ከመንደር ወደ መንደር ይዞሩ ነበር፤ ሆኖም ገንዘብ አጥሮ ስለ ነበረ ቃሉ በጽሑፍ ከተገለበጠ በኋላ ሰሙ ተፍቆ እንደ ገና ይሠራበት ነበር። ከዚህም የተነሣ ብዙ ተራኪዎች ቃላቸው ሲቀር ድምፃቸው ጠፍቷል። ከ1937 እስከ 1939 ድረስ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከአያቶቻቸውና ከጎረቤት ሽማግሌዎች የሰሙትን እንዲጽፉ ተደርጎ ብዙ መቶ ሺሕ ገጽ ተሰበሰበ። የኮሚሲዮኑ ስብስብ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ገብቷል።

ወደ ሌላው ዓለም የተስፋፋው ጥናት ግን በመልኩ የተለየ ነው። በአሜሪካ ስደተኛው ሕዝብና ልጆቹ ብዙ ስለ ሆኑ የስደትና የፖለቲካ ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ አገኘ። የሐርቫርድ ተመራማሪዎች አረንስበርግና ኪምቦል የክሌርን ባላገር የቤተ ሰብ ሥርዓት መርምረው በ1940 ያሳተሙት መጽሐፍ በማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ የታወቀ ሆነ። የአሜሪካ የአየርላንድ ጥናት ማኅበር በ1960፣ በቤልፋስት የኵዊንስ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ተቋም በ1965፣ የአየርላንድን ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ምሁራን ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1970፣ የብራዚሉ ማኅበር በ1989 ተመሠረቱ። በእነዚህ ዘንድ በብዛት የሚነበቡት ዬትስ፣ ጆይስና ቤኬት ሲሆኑ፣ እነርሱም የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቤኬት ደግሞ ብዙውን በፈረንሳይኛ ጽፏል።

እንግዲህ የአየርላንድ ጥናት ዛሬ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ከጾይስ የወረደው የቋንቋና የብራና ምርምር ሲሆን፣ ሁለተኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሥነ ጽሑፍና የስደቱን ታሪክ የሚመለከተው ነው። ሁለተኛው ብዙ ተማሪዎችን አፍርቷል፤ የአገሩን ቋንቋ ሳያውቁ የአገሩን ጥናት መያዝ የሚቻልበትንም በር ከፍቷል። የመጀመሪያው በበኩሉ ያለ ሕያው ተናጋሪ ምን ያህል እንደሚጐድል ያወቀው የተናጋሪው ቍጥር ከተመናመነ በኋላ ነው። በሳንክት ጋለን ያለው ብራና ሊቅ እስኪመጣለት 1,000 ዓመት ቆየ፤ የብላስኬት ደሴት መንደር ግን ማርስትራንደር ከረገጣት በኋላ 46 ዓመት ብቻ ኖረች። የሕዝብን ልማድ ለማጥናት የተነሣ ማኅበር የትኛውን ሥራ ማስቀደም እንዳለበት እነዚህ ሁለት ቍጥሮች ያመለክታሉ።