በቺፑና በመዳቡ መሃል

ጌም ስከፍት የላፕቶፔ ፋን እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፤ ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ ድርግም ይላል። እንጀራዬም እሱው ስለሆነ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ተርማል ፔስቱን ልቀይር ስል፣ ለመሆኑ ቺፕ ቅባት የለመደው ከመቼ ወዲህ ነው አልኩ።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ኢንቴል 8086 ፋንም ቅባትም ሳያስፈልገው ይሠራ ነበር። በ1993 የመጀመሪያው ፔንቲየም 15 ዋት ገደማ ሲፈጅ ማቀዝቀዣ ብረት ተጫነበት። በ2004 ደግሞ ፔንቲየም 4 ከ100 ዋት ተሻገረ፤ ኢንቴልም ቴጃስ የተባለውን ተተኪ ሰርዞ ፊቱን ወደ ባለብዙ ኮር አዞረ። የፍጥነቱን ሩጫ የገታው ሙቀት ነው።

ዛሬ ያን ሙቀት ከቺፑ ላይ የሚቀበለው መዳብ ነው። ግን ሁለቱ ልሙጥ ቢመስሉም ሲጋጠሙ በመሃል አየር ይቀራል፤ መዳብ ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ አየርን ከ10,000 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። የፔስት ሥራ የዚያን አየር ቦታ መያዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማብዛት አይጠቅምም።

ፈሳሽ ብረት ከፔስት የተሻለ ያስተላልፋል። ነገር ግን ውስጡ ያለው ጋሊየም አሉሚኒየም ይበላል፤ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ቦርሳ ውስጥ በሚንገላታ ላፕቶፕ አንዲት ጠብታ ካፈተለከች ቦርዱ አለቀለት። እኔ ሲሞቅና ሲበርድ ከመሃል ተገፍቶ የማይወጣ፣ ወፈር ያለ ተራ ፔስት መረጥኩ። አቧራውን ጠርጌ ቀባሁት።

ፋኑ አሁንም ይጮሃል፤ ማሽኑ ግን አይጠፋም።