የዝንጀሮ ራስ (የግንብ ማሰሪያ)

የዝንጀሮ ራስ በአክሱም ዘመንና ከዚያም በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ በተሠሩ የድንጋይና የእንጨት ሕንፃዎች ላይ ከግድግዳው ፊት ወጣ ብሎ የሚታይ የእንጨት ጫፍ ነው። በትግርኛ ርእሲ ህበይ ይባላል። ብዙ ጊዜ እንደ ጌጥ ይቆጠራል፤ ዋና ሥራው ግን የግንቡን የውስጥና የውጭ ፊት አንድ ላይ ማሰር ነው።

አሠራር

ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ ይገነባል። የተወሰነ ከፍታ ላይ ሲደርስ በውጭውም በውስጡም ፊት የግድግዳውን ርዝመት ተከትለው አግዳሚ እንጨቶች ይጋደማሉ። በእነርሱ ላይ የግድግዳውን ውፍረት አቋርጠው የሚያልፉ ድቡልቡል ተሻጋሪ እንጨቶች ይደረደራሉ። ተሻጋሪው እንጨት አግዳሚዎቹን በሚያገኝበት ቦታ ከሥሩ ጎድጎድ ተደርጎ ስለሚጠረብ በላያቸው ገብቶ ይቆልፋቸዋል። ከዚያ የድንጋዩ ሥራ ይቀጥላል፤ ከፍ ሲልም ሌላ የእንጨት ረድፍ ይገባል። በበርና በመስኮት ላይ ጫፎቹ አራት ማዕዘን ሆነው መቃኑ ከጉበኑና ከመድረኩ ጋር በሚገናኝባቸው ማዕዘኖች ይወጣሉ።

የማሰር ሥራው

ጭቃ ከላይ የሚመጣ ክብደትን ይሸከማል፤ ሲሳብ ግን ወዲያው ይላቀቃል። ስለዚህ በጭቃ የተገነባ ወፍራም ግንብ ክብደት ሲበዛበት ሁለቱ ፊቶቹ ይለያዩና ሆድ ያወጣል። ተሻጋሪው እንጨት ይህን የመሳብ ኃይል ተቀብሎ ፊቶቹን ይይዛል። አግዳሚዎቹ ደግሞ ክብደቱን በእኩል ያዳርሳሉ፤ የተሰነጠቀው ቦታ ወደ ላይ እንዳይሄድም ያግዳሉ።

ጫፉ ወደ ውጭ መውጣቱ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስላል። እንጨት በጭረቱ አቅጣጫ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ጎድጎዱ ከጫፉ ጋር እኩል ቢያልቅ ኖሮ ግንቡ በገፋ ጊዜ አግዳሚውን የሚይዘው ቀጭን ክፍል ተፈልጦ ይወድቅ ነበር። ከጎድጎዱ ወዲያ የተረፈው ራስ አግዳሚውን እንደ መንጠቆ ይዞ ያስቀረዋል። የአክሱም ሕንፃዎች ግድግዳ ገባ ወጣ እያለ መሠራቱም ረጅም ቀጥተኛ ግንብ ብቻውን እንዳይቆም ስለሚያደርግ ማሰሪያውን ያግዛል።

የአመጣጥ ክርክር

የአሠራሩ መነሻ አከራካሪ ነው። በየሓ ግራት ብዓል ገብሪ በሚባለው ሥፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጀመሪያው ሺህ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተሠራ፣ ድንጋይና እንጨት የተጣመሩበት ትልቅ ሕንፃ ፍርስራሽ ተገኝቷል። በደቡብ ዓረቢያም፣ ለምሳሌ በሻብዋ፣ በእንጨት ማዕቀፍ የተሠራ ቤተ መንግሥት ታውቋል። ከዚህ በመነሳት አንዳንድ አጥኚዎች ጥበቡ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ መጣ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በሁለቱም ዳርቻ በጋራ ያደገ ነው የሚለውን ይመርጣሉ። ተሻጋሪውን ጫፍ በመደዳ ወደ ውጭ የማውጣቱ ልማድ ግን ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በኢትዮጵያ በኩል ነው።

በተቃራኒው ከኢትዮጵያ ወደ ዓረቢያ ስለ መሻገሩም የተነሳ አሳብ አለ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የመካ ታሪክ ጸሐፊ አል አዝረቂ፣ የመካ ነገድ የሆኑት ቁረይሾች በ608 እ.ኤ.አ. ገደማ ካዕባን እንደገና ሲሠሩ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ 31 ረድፍ እንዳደረጉት ይተርካል፤ 16ቱ የድንጋይ፣ 15ቱ የእንጨት ናቸው። ሠሪው ባቁም የሚባል አናጢ ነበር። የእስልምና ሥነ ሕንፃ ታሪክ አጥኚው ኬ. ኤ. ሲ. ክሬስዌል ይህን ገለጻ ከደብረ ዳሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ግንብ ጋር አነጻጽሮ፣ ባቁም የተባለው ዕንባቆም የሚባል ኢትዮጵያዊ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ይሁን እንጂ የዓረብኛው ትውፊት ባቁምን ሩማዊ (የቢዛንታይን ሰው) ይለዋል። ያ የካዕባ ሕንፃም በ683 እ.ኤ.አ. ገደማ ፈርሶ በአዲስ ስለተተካ በቁፋሮ የሚመሳከር ቅሪት የለውም።

ምሳሌዎች

በአክሱም ከተማ ፍርስራሾች ውስጥ እንጨቱ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቷል። በ1906 እ.ኤ.አ. በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን የቤተ መንግሥቶቹን ገጽታ በንድፍ ሲያሳይ የተመሠረተው በአብዛኛው በከተማዋ የድንጋይ ሐውልቶች ቅርጽ ላይ ነው። ወድቆ የተሰበረው፣ 33 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት የብዙ ፎቅ ሕንፃ መልክ አለው፤ በየፎቁም ክብ ራሶች በመደዳ ተቀርጸውበታል።

ሥራው በእውነተኛ እንጨት የሚታይበት ዋናው ቦታ በገመድ የሚወጣበት የደብረ ዳሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ነው። ትውፊት ገዳሙን ከ6ኛው ክፍለ ዘመንና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ያያይዘዋል። ሕንፃው በ1948 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊው ዴሪክ ማቲውስ መሪነት ታድሷል። በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተራ በተራ የሚሄዱ የእንጨትና የነጭ ልስን ረድፎች አሉት። በላሊበላ ቤተ አማኑኤል ደግሞ ገባ ወጣ የሚሉት ረድፎች ከአለቱ ተፈልፍለዋል፤ መልኩ የተጠበቀ ሲሆን የማሰር ሥራ ግን የለውም።

ጥበቃ

ውጭ የቀረው ጫፍ ለዝናብ፣ ለፀሐይና ለምስጥ የተጋለጠ ነው። ሲበሰብስ ጌጥ ብቻ አይጠፋም፤ ሁለቱን ፊቶች የያዘው ማሰሪያ ይላላል። ስለዚህ በእድሳት ጊዜ የሚገባው እንጨት የግድግዳውን ሙሉ ውፍረት የሚያቋርጥና አግዳሚዎቹን የሚቆልፍ መሆን አለበት፤ ለመልክ ተብሎ ከፊት የሚለጠፍ ቁራጭ ግንቡን አያስርም።