የጆ ዴቪስ የሙያ ዘመንና የሁለት ጨዋታዎች ዕድል

በልደታ ሰፈር የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከቀትር በኋላ የፑልና የከረንቡላ ቤቶች በወጣቶች ይሞላሉ። የተጫዋቾቹ ነጥብ በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ይጻፋል፤ ማታ ቤቱ ሲዘጋም ይደመሰሳል። እኛም የዚሁ ሰፈር ልጆች እንደ መሆናችን አንድ ቀን ከነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ገብተን፣ «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ እዚህ ከተጫወቱት ሁሉ የሚበልጠው ማን ነበር?» ብለን ባለቤቱን ጠየቅናቸው። እርሳቸው አንድ ስም ጠሩ፤ በዳር ተቀምጠው የነበሩ ሌላ ሽማግሌ ደግሞ ሌላ ስም ጠሩ። ክርክሩ እየጋለ ሄደ እንጂ መፍቻ አላገኘም። በመጨረሻ ባለቤቱ፣ «ልጆቼ፣ ጠመኔ ምስክር አይሆንም» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ይህ አነጋገር ለታሪክ ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። ጨዋታ የሥራ ፈት መዋያ ነው ተብሎ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ተነግሮናል። ይሁን እንጂ ከጠረጴዛ ጨዋታ ሙያ፣ ከሙያም ታሪክ የወጣበት ጊዜ አለ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለማየት የእንግሊዛዊውን የጆ ዴቪስን የሥራ ዘመን መርምረናል። ምክንያቱም ይህ ሰው በአንድ ዕድሜ ውስጥ አንዱ ጨዋታ ሲሞት አይቷል፤ ሁለተኛውን አሳድጓል፤ ያሳደገውም ጨዋታ በተራው ሊሞት ሲደርስ የራሱ እጅ አለበት ተብሏል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

አስቀድመን ሁለቱን ጨዋታዎች እንለይ። የእንግሊዝ ቢሊያርድ በሦስት ኳሶች ብቻ የሚካሄድ ነው። ተጫዋቹ የራሱን ኳስ መትቶ ሁለቱንም ሌሎች ኳሶች ቢያስነካ፣ ወይም ሌላውን ኳስ ወደ ቀዳዳ ቢያስገባ፣ ወይም የራሱ ኳስ ሌላውን ነክቶ ቀዳዳ ቢገባ ነጥብ ያገኛል። እስኪስትም ድረስ ተራው የእርሱ ነው። ስኑከር ግን 22 ኳሶች አሉት፤ 15ቱ ቀይ፣ 6ቱ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው፣ አንዱም ነጩ መምቻ ኳስ ነው። ቀዩ 1 ነጥብ ሲሆን ጥቁሩ 7 ነጥብ ነው። ይህ ሁለተኛው ጨዋታ የተፈጠረው በ1875 በሕንድ አገር በጀበልፑር ከተማ፣ በእንግሊዝ ጦር መኰንኖች መካከል ነው። ስሙም በዉልዊች የጦር ትምህርት ቤት አዲስ ገቢዎች ይጠሩበት ከነበረ የቀልድ ቃል የመጣ ነው፤ «ጀማሪ» እንደ ማለት ነው። ረዘም ላለ ጊዜም ቢሊያርድ እንደ ታላቅ ወንድም ሲከበር፣ ስኑከር እንደ ስሙ ጀማሪ ሆኖ ኖረ።

ጆ ዴቪስ በ1901 ሚያዝያ 15 ቀን በደርቢሺየር አውራጃ፣ ዊትዌል በምትባል የማዕድን መንደር ተወለደ። አባቱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ በኋላ ግን ይህን ሥራ ትቶ በቼስተርፊልድ ከተማ አጠገብ መጠጥ ቤት ያዘ። በመጠጥ ቤቱ ውስጥ ሙሉ መጠን ያለው የቢሊያርድ ጠረጴዛ ነበር፤ የልጁም ትምህርት ቤት ያ ጠረጴዛ ሆነ። በ13 ዓመቱ የቼስተርፊልድና የአካባቢዋን አማተር የቢሊያርድ ውድድር አሸነፈ፤ በ18 ዓመቱም በጨዋታው ገንዘብ የሚያገኝ ባለሙያ ሆነ። የቀኝ ዓይኑ ደካማ ስለ ነበረ፣ ዘንጉን ከአገጩ በስተግራ አስጠግቶ በግራ ዓይኑ ብቻ ያነጣጥር ነበር። ይህን መጥቀሳችን ለማስደነቅ አይደለም፤ ነገር ግን ተሰጥኦ ከሚባለው ነገር ብዙው ጉድለትን በልምምድ ማረም መሆኑን ስለሚያስረዳ ነው።

ዴቪስ ለዓለም የቢሊያርድ ሻምፒዮንነት በ1926 እና በ1927 ከቶም ኒውማን ጋር ተጋጥሞ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈ። በ1928 ግን ኒውማንን ድል አደረገ፤ ከዚያም በ1929፣ በ1930 እና በ1932 ደግሞ ደጋግሞ አሸነፈ። እንግዲህ ሙያው ከጫፍ ደረሰ ሲባል፣ ከአውስትራሊያ ዋልተር ሊንድረም መጣ።

ሊንድረም በ1929 ወደ እንግሊዝ አገር ገባ። በእርሱ ዘንድ ቢሊያርድ ሌላ ነገር ሆነ። ሦስቱን ኳሶች በጠረጴዛው ጠርዝ አጠገብ ሰብስቦ፣ በጣም ረቂቅ በሆነ ምት እያነካካ፣ ነጥብን በመቶና በሺህ ይቈጥር ነበር። በጥር ወር 1932 በለንደን በቴርስተን አዳራሽ ከዴቪስ ጋር ሲጫወት፣ በአንድ ተራ ብቻ 4,137 ነጥብ አገኘ። ለዚህም ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ የጨዋታ ጊዜ ወሰደ፤ ዴቪስ ያን ጊዜ ሁሉ ዘንጉን ይዞ ከመቀመጥ በስተቀር ምንም ሊያደርግ አልቻለም። በ1933 ደግሞ ሊንድረም ዴቪስን አሸንፎ ሻምፒዮንነቱን ወሰደ። በ1934ም አውስትራሊያ ውስጥ ማዕርጉን ካጸና በኋላ፣ እስከ 1951 ድረስ የባለሙያዎች የዓለም ሻምፒዮና በቢሊያርድ አልተካሄደም።

ቢሊያርድ የወደቀው ተጫዋቾቹ ስለ ደከሙ አይደለም፤ እጅግ ስለ በረቱ ነው። ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጦ ገንዘቡን የከፈለ ተመልካች፣ ሦስት ኳሶች ከአንድ ጥግ ሳይርቁ ሲነካኩ ከሩቅ ሆኖ ምን ሊያይ ይችላል? ጥበቡ የሚገባው ለጥቂት ዐዋቂዎች ብቻ ሆነ። ማኅበሩ ኳሱ በጠረጴዛው ላይ የተሰመረውን መስመር በየተወሰነ ነጥብ እንዲሻገር የሚያስገድድ ደንብ ቢያወጣም፣ የሄደው ሕዝብ አልተመለሰም።

የዴቪስ ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቢሊያርድ ገና በክብሩ ሳለ፣ እርሱ በየአዳራሹ ሰዎች ከጨዋታው በኋላ የሚቀሩት ስኑከርን ለማየትና ለመጫወት መሆኑን ልብ ብሎ ነበር። በ1924 ቶም ዴኒስ የሚባል ባለሙያ የስኑከር ሻምፒዮና እንዲቋቋም የቢሊያርድ ማኅበርና ተቆጣጣሪ ምክር ቤትን ጠይቆ ነበር፤ ምክር ቤቱ ግን ጨዋታው ተመልካች የሚስብ መሆኑን ተጠራጥሮ አልተቀበለውም። ዴቪስ ከበርሚንግሃሙ የቢሊያርድ አዳራሽ ባለቤት ከቢል ካምኪን ጋር ሆኖ አሳቡን እንደገና አቀረበ፤ በዚህ ጊዜ ተፈቀደ። ዐሥር ተወዳዳሪዎች ተመዘገቡ። በግንቦት ወር 1927 በካምኪን አዳራሽ በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ ዴቪስ ያንኑ ቶም ዴኒስን 20 ለ11 አሸነፈ። ከተወዳዳሪዎቹ መግቢያ ገንዘብ ግማሹ ለዋንጫው መግዣ ዋለ፤ ሻምፒዮኑም ለራሱ የደረሰው 6 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ብቻ ነበር። ያ ዋንጫ እስከ ዛሬ ድረስ ለዓለም አሸናፊ ይሰጣል።

ጅማሬው ትንሽ መሆኑን ለመረዳት አንድ ነገር እንጨምር። በ1931 ለሻምፒዮናው የቀረቡት ዴቪስና ዴኒስ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ የተጋጠሙትም በኖቲንግሃም፣ ዴኒስ ራሱ በሚያስተዳድረው መጠጥ ቤት የጓሮ ክፍል ነበር። ዴቪስ 25 ለ21 አሸነፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሻምፒዮንነት ብሎ ለመጥራት ባፈረ ነበር፤ እርሱ ግን ውጤቱ በመዝገብ እንዲሰፍር፣ የሚቀጥለውም ዓመት እንዳይቋረጥ አደረገ።

በጨዋታው አኳኋን ላይ ያመጣው ለውጥም ከዚህ አያንስም። ከእርሱ በፊት የነበሩት አንድ ሁለት ኳስ ካስገቡ በኋላ ወደ መከላከል ይመለሱ ነበር። ዴቪስ ግን ከቢሊያርድ የተማረውን ኳስ የማዘዝ ጥበብ ወደ ስኑከር አሸጋገረ፤ አንዱን ኳስ ሲመታ ነጩ ለሚቀጥለው ምት በሚመች ቦታ እንዲቆም ያደርግ ጀመር። በ1927ቱ ሻምፒዮና በአንድ ተራ የተገኘው ከፍተኛ ነጥብ አልበርት ኮፕ ያስመዘገበው 60 ነበር፤ ለዚህም የምስክር ወረቀት ተሰጥቶታል። ዴቪስ በ1930 በሻምፒዮናው ታሪክ የመጀመሪያውን መቶ ነጥብ አስቈጠረ። በ1955 ጥር 22 ቀን ደግሞ በሌስተር ስኩዌር አዳራሽ ከዊሊ ስሚዝ ጋር ሲጫወት 147 ነጥብ አገኘ፤ ይህም 15ቱን ቀይ ኳሶች እያንዳንዳቸውን ከጥቁሩ ጋር፣ ከዚያም 6ቱን ባለ ቀለም ኳሶች በተራቸው በማስገባት የሚገኝ ነው። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት ደንብ ከምክር ቤቱ ደንብ በአንድ አንቀጽ ስለ ተለየ፣ ይህ 147 በይፋ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1957 ነው።

ከ1927 እስከ 1940 በተደረጉት ሻምፒዮናዎች ሁሉ ያሸነፈው ዴቪስ ነው። በ1940 ከገዛ ወንድሙ ከፍሬድ ጋር ተጋጥሞ 37 ለ36 በሆነ በአንድ ዙር ብልጫ ብቻ አለፈ። ጦርነቱ ሻምፒዮናውን ካቋረጠ በኋላ፣ በ1946 በለንደን ሆራስ ሊንድረምን 78 ለ67 አሸነፈ። ይህ 15ኛው ድሉ ነበር። ወዲያውም ሳይሸነፍ ከሻምፒዮናው ወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ አከራካሪ ነው። ዴቪስ ከሻምፒዮናው ወጣ እንጂ ከጨዋታው አልወጣም፤ እስከ 1964 ድረስ በሌሎች ውድድሮችና በማሳያ ግጥሚያዎች ተጫውቷል። በብዙዎቹ ውድድሮች ለተጋጣሚዎቹ በቅድሚያ ነጥብ እየሰጠ ይገጥማቸው ነበር። ነጥብ ሳይሰጥ በእኩል በተጋጠመበት ጨዋታ ያሸነፈው ፍሬድ ብቻ ሲሆን፣ ይህም የሆነው አራት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከ1947 ወዲህ ዋልተር ዶናልድሰንና ፍሬድ ዴቪስ ዋንጫውን ሲፈራረቁበት፣ ሕዝቡ «ከሁሉ የሚበልጠው እኮ በዳር ቆሟል» ይል ነበር። ማዕርጉ ባዶ ሆነ። በ1952 ባለሙያዎቹ ከምክር ቤቱ ተለይተው የራሳቸውን ሻምፒዮና አቋቋሙ፤ በ1957 ግን የቀረቡት ተወዳዳሪዎች አራት ብቻ ሆኑ፤ ከዚያም ውድድሩ እስከ 1964 ተቋረጠ። የሌስተር ስኩዌር አዳራሽም በ1955 ተዘግቶ ነበር።

አንዳንዶች ጥፋቱን ሁሉ በዴቪስ ላይ ይጥላሉ። እኛ ግን ፍርዱ ሁለት ወገን አለው እንላለን። በአንድ በኩል፣ ታላቁ ሰው ከወንበሩ ሲነሣ ወንበሩን ይዞ መሄድ አይገባውም ነበር፤ ወይ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ ወይ ለወጣቶቹ ተሸንፎ ማውረስ ይሻል ነበር። ሽንፈትም ውርስ ነውና። ኒውማን በ1928 ለዴቪስ ተሸንፎ የሰጠውን ነገር፣ ዴቪስ ለተከታዮቹ በሻምፒዮናው ላይ አልሰጠም። በሌላ በኩል ግን፣ ጨዋታው ከሰባት ዓመት ዝምታ በኋላ ሊነሣ የቻለው የሚመለስበት መዝገብ፣ ደንብና ዋንጫ ስለ ነበረው ነው። በ1969 ሻምፒዮናው እንደ ቀድሞው ብዙ ተጫዋቾች የሚካፈሉበት ሆነ፤ የእንግሊዝ ቴሌቪዥንም ከ1967 ወዲህ በቀለም ማሳየት ጀምሮ ስለ ነበር፣ ባለ ብዙ ቀለሙ ስኑከር ተስማሚ ሆኖ ተገኘና ወደ ሚሊዮኖች ቤት ገባ። ዴቪስ ይህን ለማየት በቃ። በ1978 በሼፊልድ ከተማ የ64 ዓመቱ ወንድሙ ፍሬድ በግማሽ ፍጻሜ ሲጫወት እየተመለከተ ሳለ ታመመ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 10 ቀን ዐረፈ።

ይህ ታሪክ ከአገራችን የራቀ የሚመስለው ሰው ሰንጠረዥን ያስታውስ። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ለዘመናት የኖረው ይህ የኢትዮጵያ ጨዋታ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን የሚያሰልፉበት ልዩ ሥርዐት ነበረው። በሃያኛው መቶ ዓመት ከልማድ ወጣ፤ ዛሬ ስለ አጨዋወቱ ለመናገር የምንችለው ተጓዦችና ተመራማሪዎች በጻፉት መጠን ነው። የጠረጴዛ ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ሲተላለፍ፣ እጁ ሲያርፍ ጥበቡም ያርፋል።

ስለዚህ ከዴቪስ ሥራ ሁሉ የምናስቀድመው 147ቱን ነጥብ አይደለም። በ1927 በጥቂት ፓውንድ የተገዛውን ዋንጫና፣ በ1931 በመጠጥ ቤት ጓሮ የተደረገው ግጥሚያ እንኳ ሳይቀር የተጻፈበትን መዝገብ ነው። ይህን ለልደታው ባለቤት ብናጫውታቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ፤ ኋላም፣ «እንግዲያስ ደብተር ግዙልኝ» አሉን። ገዝተን ሰጥተናቸዋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑ፣ የሁለቱ ተጫዋቾች ስምና ነጥባቸው በቀለም ተጽፏል።