ኪሱ ይለይ፣ ሥራው ይጋራ

ከወልዲያ ወደ ቆቦ የሚሄድ መንገደኛ አላውሃን ከተሻገረ በኋላ ምድሩ ይዘረጋለታል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተምዕራብ የላስታ ደጋ፣ መሐሉ የራያ ቆላ፤ ቆላው ደግሞ በክረምት ሁሉም ማሽላ። ቆቦ ሳይደርስ ጎብዬን ያገኛል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የጠረገው፣ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚወጣው አውራ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። መንገዱ ዳር ሻይ ቤት አለ፣ ሱቅ አለ፣ ምግብ ቤት አለ፣ ጥንቅሽ ደርድራ መኪና የምትጠብቅ ልጅ አለች።

ዛሬ የምተርክላችሁ ከእነዚህ ቤቶች ስለ አንዱ ነው። የባለቤቷን ስም አልጠራም፤ ከብዙ እናቶች ኑሮ የቀዳኋት አንዲት ሴት ናትና። ሾፌሮቹ «እትዬ» ይሏታል፤ እኛም እንዲሁ እንበላት። ባሏ ገበሬ ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ ሴት ናት፣ ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ሁለቱ ወንዶች ይከተሏታል። የፊቱ ክፍል ምግብ ቤት፣ የኋላው መኝታ፣ ጓሮው ማድ ቤት ነው። ለገበያውም ለቤቱም የሚጋገረው በአንድ ምጣድ፣ የሚቀርበው ከአንድ ሌማት ነው።

ዓመቱ በመስከረም ይብታልና ከመስከረም እንጀምር።

እትዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሣለች። ሊጡን ታያለች፣ እሳት ታያይዛለች፣ እንጀራውን ትጋግራለች፤ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሾፌርና ረዳቱ 12 ሰዓት ላይ ፍርፍር ይፈልጋሉ። ልጆቹ ከዚያው ሌማት ቁርሳቸውን ቆርሰው ትምህርት ቤት ይሮጣሉ። በዚህ ወር ደብተር ይገዛል፣ ዩኒፎርም ይሰፋል። ማሽላው ገና እሸት አልደረሰም፤ ከእርሻ የሚገባ ብር የለም። እናም ለዘይት የተቀመጠው ብር ደብተር ይሆናል። በማግሥቱ እትዬ ዘይቱን ከጎረቤት ሱቅ በዱቤ ትወስዳለች።

ክረምቱ ሲያበቃ በቆላው ወባ ይነሣል። ትንሹ ልጅ ያተኩሰዋል፤ እትዬ አዝላው ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ምግብ ቤቱን ማን ይያዘው? አባትየው ማሳ ላይ ወፍ ይጠብቃል። ስለዚህ የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ ቦርሳዋን ሰቅላ ሻይ ታፈላለች። ያን ቀን ከትምህርቷ ቀረች። ሰው ሁሉ «ጎበዝ ልጅ» አላት። ከትምህርት የቀረችበትን ቀን ግን ማንም አልመዘገበውም።

ኅዳር ገባ፤ ማሽላው ታጨደ፣ ተወቃ። የእትዬ ባል ጀሙዬና ደጋሊት የሚባሉትን የአገሩን ዘሮች ይወዳል፤ ነገር ግን እነሱ ብዙ ወራት መሬት ላይ ስለሚቆዩ የሚዘሩት በሚያዝያ፣ የበልጉ ዝናብ ከጣለ ነው። በልጉ ከቀረ ገበሬው ክረምቱን ጠብቆ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይዘራል። ይህ ሁሉ አልፎ አዝመራው ሲሰምር በጎብዬ ብር ይንቀሳቀሳል። ዱቤ የበላ ይከፍላል። በሐምሌ ከእትዬ ቁና ማሽላ የተበደረ ዘመድም በኅዳር ቁናውን ይመልሳል። ቁናው ያው ነው፤ የሐምሌና የኅዳር ዋጋው ግን ያው አይደለም። ልዩነቱን እትዬ ከፈለችው፤ እሷም አላስተዋለችውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የራያ ገበሬ የሚፈራት አረም አለች፤ አቀንጭራ ትባላለች። ከማሽላው ሥር ተጣብቃ ከመሬት በታች ትጠባዋለች። ሐምራዊ አበባዋ ከመሬት በላይ ሲታይ አብዛኛው ጉዳት ደርሷል። ይህችን አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዘሮችን ያወጡት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በእሳቸው ምርምር ተገኝተው በአገራችን ለገበሬ ከተለቀቁት ዘሮች አንዱ «አብሽር»፣ ሌላው «ጎብዬ» ይባላል። የእትዬንም ንግድ የያዘችው አቀንጭራ ናት። ከሥር የሚጠባው ጉዳት ለዓይን አይታይም፤ ደብተሩ፣ ቁርሱ፣ ቁናው፣ የልጅቷ ቀን። ከላይ የሚታየው አበባዋ ብቻ ነው፤ ማታ ብር ሲቆጠር ይጎድላል። ሌባ ግን አልገባም።

ጥር መጣ፤ ሰርግ በሰርግ ሆነ። የባልየው የወንድም ልጅ አገባ። ባልየው መሳቢያውን ከፈተ።

«ይህ ብር የነገ ጤፍ ነው» አለችው።

«ሰርጉ የእኛው አይደለም? ባዶ እጃችንን እንሂድ?»

«ባዶ እጃችንንስ አንሄድም። ግን የነገው ሾፌር ምን ይበላል?»

«ኧረ አንቺ ሴት! ቤታችን አንድ አይደለም እንዴ?»

መልስ አልነበራትም፤ እውነት ብሏልና። ሕጉም ይህንኑ ይላል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ በግል ጥረታቸው ያፈሩት ገቢ የጋራ ነው ይላል። ነገር ግን ያው ሕግ የጋራው ሀብት የሚተዳደረው በጋራ ነው ሲል ያክላል። መሬቱን ተመልከቱ፤ በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ሰፍሯል። መሳቢያው ግን ደብተር የለውም። አንዱ ብቻውን ሲከፍተው ሀብቱ የጋራ፣ ውሳኔው የአንድ ሰው ይሆናል።

ስለ ዘመድ ወጪ ስናገር የምትከፉ አላችሁ። ወሎ በቅሬ የቆመ አገር ነው። በሰፈሩ ሰው ሲሞት እትዬ ምግብ ቤቷን ዘግታ ለቅሶ ትደርሳለች፤ መዝጋትም ይገባታል። ነገ በእሷ ላይ ሐዘን ቢወድቅ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ውሃውን የሚቀዳው ያው ቅሬ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ ይገናኛል። ነገር ግን ቅሬ መዋጮው የታወቀ፣ ቀኑ የተቆረጠ፣ መዝገብ ያለው ተቋም ነው። ዕቁብም እንዲሁ። እነዚህ ማኅበራት የጸኑት በቆጠራ ነው። ቆጠራ ፍቅርን ይቀንሳል የምትሉ ካላችሁ ቅሬን እዩና ንገሩኝ።

ሐምሌ ሲደርስ ጎተራው ይጎድላል። የትንሽ ነጋዴ ዓመታዊ ግብር የሚከፈለውም በዚህ ወር ነው። ዝናቡ ሲበረታ መንገደኛ ይቀንሳል፤ ዱቤ ጠያቂ ይበዛል። እትዬ ብድር ፍለጋ ትነሣለች። በቀድሞው አብቁተ፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ፣ የገጠርና የትንሽ ከተማ ሴቶች እርስ በርስ ዋስ ሆነው በቡድን ሲበደሩ ኖረዋል። በዚህ አሠራር አንዷ መክፈል ሲያቅታት ዕዳው ጎረቤቶቿን ይነካል። የአንድ ቤት መሳቢያ ጉዳይ የሰፈር ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ሰላም ባለበት ዓመት ነው። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት በራያ ቆቦ ላይ ወረደ፤ እስከ 2014 ታኅሣሥ ባንክ ዝግ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶ ሰው በያዘው ብቻ ኖረ። በነሐሴ 2014 እንደገና መጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ፤ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ገበያው አብሮ ይዘጋል። እንዲህ ባለ ዘመን ንግዱን ከቤት ወጪ ለይቶ መያዝ የሀብታም ወግ ይመስላል። እኔ ግን በክፉ ቀን ይበልጥ እንደሚያስፈልግ አምናለሁ፤ ምጣድና ዘይት መልሶ የሚገዛ ጥቂት ብር ያልለየ ቤት መንገዱ ሲከፈትም እሱ እንደተዘጋ ይቀራል።

እንግዲህ ትረካዬ ወደሚለው ነገር ደረስኩ። ብዙ ቤቶች ኪሱን ደባልቀው ሥራውን ለይተዋል። ብሩ የሁሉም ነው፤ ምጣዱ፣ ውሃው፣ የታመመው ልጅና የሻይ ማንቆርቆሪያው ግን የእሷ ናቸው። መገልበጥ አለበት። ኪሱ ይለይ፣ ሥራው ይጋራ።

ኪሱ እንዴት ይለያል? ሁለት ቆርቆሮ ይበቃል፤ አንዱ የንግዱ፣ አንዱ የቤቱ። እንበልና እትዬ በቀን 2,000 ብር ሸጠች፤ ለተሸጠው ምግብ የገባው ጤፍ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ስኳርና ከሰል 1,500 ሆነ። 500 አተረፍን ይባላል። ቤተሰቡ ከሌማቱ የበላው 250 ነው ብንል፣ በእሷ ፋንታ ጋጋሪ ብትቀጠር 200 ትወስድ ነበር ብንል፣ ለንግዱ የቀረው 50 ብር ነው። ቤቱ የበላውን ከቤቱ ቆርቆሮ ይክፈል፤ የእሷም ድካም ደመወዝ ተብሎ ይቆጠር። ሰርግ ሲመጣ ባልና ሚስት ተቀምጠው የሚመክሩት ከቤቱ ቆርቆሮ ላይ ነው። የነገው ጤፍ ለምክር አይቀርብም።

ሥራውስ? ይህ ከቆርቆሮው ይከብዳል፤ የለመድነውን ይነካልና። በቆላው የማሽላ ሥራ በወቅት ነው፤ ከውቂያ በኋላ እስከ በልግ ድረስ የአባወራው እጅ ይፈታል። የእሷ ምጣድ ግን ወቅት የለውም። በእነዚያ ወራት ጀሪካን ተሸክሞ ውሃ የሚቀዳ፣ ከሰል የሚያመጣ፣ ጠዋት ሻይ የሚያፈላ አባት ክብሩ አይጎድልም። በጅጌ የሰው ማሳ የሚያጭድ እጅ ለራሱ ቤት ማፈር የለበትም። ወንዶቹ ልጆችም ስኒ ማጠብ ይችላሉ።

እትዬና ባሏ ዘንድሮ ይህን ቢጀምሩ መጀመሪያ የምትጠቀመው ሴት ልጃቸው ናት። በሚቀጥለው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ትቀመጣለች። ለጥናት የሚያስፈልጋት ጊዜ ከአባቷና ከወንድሞቿ እጅ መምጣት አለበት፤ ከእናቷ እንቅልፍ ላይ የሚቀነስ ከእንግዲህ አልተረፈም።