ሕጉና አንባቢው፦ የኬሚካል ደኅንነት ግምገማ ሙያ አመጣጥ

አንድ ኬሚካል ለሰው ጥቅም ከመዋሉ በፊት ጉዳቱ ይመርመር የሚለው አሳብ ዛሬ ለሁላችንም ግልጽ ይመስላል። ሆኖም ይህ አሳብ ሕግ እስኪሆን ድረስ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ሕግ ከሆነም በኋላ ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ ባይገኝ ኖሮ በወረቀት ላይ ብቻ በቀረ ነበር። ለዚህ የአሜሪካ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1937 በቴኔሲ ግዛት የነበረው የማሴንጊል ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በፈሳሽ መልክ ለገበያ አቀረበ። መድኃኒቱ በውሃ በቀላሉ ስለማይሟሟ የኩባንያው ኬሚስት በዳይኤትሊን ግላይኮል አሟሟው። ይህ ፈሳሽ ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም፤ ውሃ በረዶ እንዳይሆን ለመከላከልና ለመሳሰለው የኢንዱስትሪ ሥራ ይውላል። ኩባንያው የመድኃኒቱን ጣዕም፣ መልክና ሽታ ፈተነ፤ መርዛማነቱን ግን አልፈተነም፤ የጊዜው ሕግም አያስገድደውም ነበር። ብዙ ሕፃናት የሚገኙባቸው ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። መንግሥት ኩባንያውን ሊከስ የቻለው ግን በስያሜ ማሳሳት ብቻ ነበር፤ «ኤሊክሲር» የሚለው ስም አልኮል ያለበትን መድኃኒት ሲያመለክት በጠርሙሱ ውስጥ ግን አልኮል አልነበረምና። በ1938 የወጣው ሕግ ይህን ክፍተት ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት አምራቹ የደኅንነቱን ማስረጃ ለምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲያቀርብ ተደነገገ።

ማስረጃው ከቀረበ በኋላስ ማን ያንብበው? መልሱ የተገኘው ከቤተ ሙከራ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ መምህር የነበሩት ዩጂን ጋይሊንግ በ1937 ኤሊክሲሩን እንዲመረምሩ በተጠየቁ ጊዜ ተማሪዎቻቸውን አሰልፈው በእንስሳት ላይ ሙከራ አደረጉ። ገዳዩም ሰልፋኒላማይዱ ሳይሆን ማሟሟያው መሆኑ ታወቀ። በሥራው ከተሳተፉት ተማሪዎች አንዷ በኋላ ፍራንሲስ ኬልሲ በሚል ስም የታወቁት ካናዳዊት ነበሩ። እኚሁ ተማሪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በወባ መድኃኒት ጥናት ተሳትፈው፣ የጥንቸል ፅንስ ኩዊኒንን እንደ አዋቂው ጥንቸል አፍርሶ ማስወገድ እንደማይችል ተገነዘቡ።

ሌላው የሙያው ምሰሶ የአስተዳደሩ የፋርማኮሎጂ ክፍል ኃላፊ አርኖልድ ሌማን ነበሩ። እሳቸውና ባልደረባቸው ጋርዝ ፊትዝሂዩ በ1954 ወደ ምግብ ለሚጨመሩ ኬሚካሎች የመቶ እጥፍ የደኅንነት ኅዳግ እንዲጠበቅ አሳብ አቀረቡ። ስሌቱ ቀላል ነው። በእንስሳት ላይ ጉዳት ያላሳየው ከፍተኛ መጠን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በቀን 50 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ ለሰው የሚፈቀደው 0.5 ሚሊ ግራም ይሆናል። በኋላ በተሰጠው ማብራሪያ መሠረት አንዱ አሥር እጥፍ ሰው ከእንስሳ ይበልጥ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሁለተኛው አሥር እጥፍ ደግሞ ሰው ከሰው ስለሚለያይ ነው። ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስም ከሚጠበቀው ጭነት በላይ አስልቶ ይሠራል። ዳሩ ግን የሰው አካል እንደ ብረት በአንድ ደረጃ የተመረተ አይደለም። ስለዚህ ቀመሩን ማወቅ አይበቃም፤ ሙከራው ተገቢውን ጥያቄ መጠየቁን መለየትም ያስፈልጋል። ሌማን ይህን ሙያ ለመማር ሁለት ቀላል ትምህርቶች ይበቃሉ፣ እያንዳንዱ ግን አሥር ዓመት ይፈጃል ይሉ እንደ ነበር ይነገራል።

በ1960 ፍራንሲስ ኬልሲ በአስተዳደሩ ተቀጠሩ። ሥራ በጀመሩ በአንድ ወር ውስጥ ታሊዶማይድ የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ማመልከቻ ደረሳቸው። በሕጉ መሠረት በ60 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካልቀረበ መድኃኒቱ እንደ ተፈቀደ ይቆጠር ነበር። እሳቸው ግን ከአንድ ኬሚስትና ከአንድ የፋርማኮሎጂ ባለሙያ ጋር መዝገቡን መርምረው ማስረጃው አልተሟላም በማለት ደጋግመው መለሱት። መድኃኒቱ ነርቭ እንደሚጎዳ የሚገልጽ ደብዳቤ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ባነበቡ ጊዜም፣ በፅንስ ላይ ምን ያደርስ ይሆን ብለው ጠየቁ። በኅዳር 1961 መድኃኒቱ በጀርመን ከገበያ ወጣ፤ በልዩ ልዩ አገሮች በሱ ምክንያት አካላቸው ጎድሎ የተወለዱት ሕፃናት 10,000 ያህል እንደ ነበሩ ይገመታል። በአሜሪካ ለሐኪሞች በታደለው ናሙና ጥቂት ሕፃናት ቢጎዱም መድኃኒቱ ለሽያጭ አልተፈቀደም። በ1962 የተሻሻለው ሕግ ዝም በማለት የሚገኘውን ፈቃድ አስቀረ።

ሙያውም የራሱን ቤት ሠራ። የአሜሪካ የቶክሲኮሎጂ ማኅበር በ1961 ተቋቋመ፤ ባለሙያዎችን በፈተና የሚመዝን ቦርድም በ1979 ተመሠረተ።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2022 የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ በሳል መድኃኒቶች ውስጥ ያው ዳይኤትሊን ግላይኮል እንደ ተገኘ አስጠነቀቀ። በአገራችንም በ2010 የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 አምራችና አስመጪ ማስረጃ ይዘው እንዲቀርቡ ያስገድዳል። ስለዚህ ያንን ማስረጃ የሚያነብ፣ የጎደለውን የሚያይ፣ «አልተሟላም» ብሎ ለመመለስ ዕውቀትና ድፍረት ያለው ሰው ማፍራት የመሥሪያ ቤቶች ብቻ ሳይሆን የሙያ ማኅበሮችም ኃላፊነት ነው። የ1937ቱ እልቂት ሕጉን ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ አስወጥቷል። በዚያው ዓመት በቤተ ሙከራ የተጀመረው የአንዲት ተማሪ ልምምድ ግን ፍሬውን ያሳየው ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።