ስልቻ ቢሉት ቀልቀሎ… አፉ ግን ይለያል

ባለፈው ክረምት ወደ ቦንጋ የሄድኩት ከመርካቶ በገዛሁት የጀርባ ቦርሳ ነበር፡፡ ዙሪያውን በዚፕ የሚከፈት፣ ኪሱ የበዛ፣ ሲያዩት የሚያምር፡፡ ጫካ ውስጥ ዝናብ ያዘን፡፡ ከልክ በላይ የጠቀጠቅኩት ቦርሳ ዚፑ ተላቀቀና አፉን ከፈተ፡፡ ልብሴ ቢረጥብ ግድ አልነበረኝም፡፡ የረጠበው ግን ከአንድ አዛውንት ሥር ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ የጻፍኩበት ደብተር ነው! ግማሹ ገጽ ሰማያዊ ውኃ ሆነ፡፡ አዛውንቱ አይተው፣ ልጄ ይሄ ሁሉ አፍ ያለው ቦርሳ ምን ሊይዝልሽ ኖሯል ብለው ሳቁብኝ፡፡

እኔም አልቅሼ ሳበቃ ጠየቅኩ፤ ለመሆኑ የድሮ ሰዎች የዕቃቸውን አፍ እንዴት ይዘጉ ነበር?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቦንጋ የሲራራ ነጋዴ መዳረሻ ነበረች፡፡ ከእሷ የተነሳ ጭነት የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ፣ በጅማ በኩል ወደ ጎጃሙ ባሶ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ምጽዋ ይዘልቃል፡፡ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይገባል፡፡ (በዚያው መንገድ ሰውም ለባርነት ተነድቷል፡፡ ይህን ዘሎ ስለ ንግዱ ማውራት አይቻልም፡፡)

ታዲያ እያንዳንዱ ጭነት የራሱ አፍ ነበረው፡፡ ዝባድ በከብት ቀንድ ውስጥ ተሞልቶ አፉ በቆዳ ይታሸጋል፡፡ ውድ ነው፣ ይሸታል፣ ባዕድ ነገርም ይቀላቀልበታል፤ ስለዚህ እንደልብ የሚከፈት አፍ አያሻውም፡፡ እህልና ስንቅ በስልቻ ይያዛል፡፡ ስልቻ ሆዱ ሳይሰነጠቅ ከተገፈፈ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ስለሚሠራ ስፌቱ ጥቂት ነው፤ አንገቱ ታጥፎ በጠፍር ይታሰራል፣ በቃ፡፡ አሞሌ ደግሞ ገንዘብም ነበር፡፡ ዝናብ ካገኘው ሀብት ሟሟ ማለት ነው፡፡ ክረምት ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ ሲራራው ቆሞ የሚከርመው ያለ ምክንያት አልነበረም፡፡

ከሁሉም የገረመኝ ግን መንግሥቱ ራሱ እንደ ስልቻ መዘጋቱ ነው፡፡ ካፋ ዙሪያዋን በቦይና በአጥር ታጥራ፣ መግቢያዋ በኬላ ይጠበቅ ነበር፡፡ የውጭ ነጋዴ ከቦንጋ አልፎ እንዲገባ አይፈቀድለትም፡፡ ያ አፍ የተፈታው በ1897 (እ.ኤ.አ.) የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ዘልቆ ገብቶ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረክ ነው፡፡

ያን ጊዜ የዚፕ አያት ገና የ4 ዓመት ሕፃን ነበር፡፡ አሜሪካዊው ዊትኮም ጀድሰን በ1893 (እ.ኤ.አ.) ለጫማ ብሎ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት መዝጊያ እየተላቀቀ አስቸገረ፡፡ (ወይ የእኔ ዕጣ!) ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ዚፕ የመጣው ጌዲዮን ሰንድባክ በ1913 (እ.ኤ.አ.) ካሻሻለው በኋላ ነው፡፡

እንግዲህ ወደ ካፋ ጫካ ለምትሄዱ… ዚፕ መጥፎ ነው አልልም፡፡ ከታች ያለውን ዕቃ ሁሉን ሳትዘረግፉ ያወጣላችኋል፡፡ ግን መጠቅጠቅ አይወድም፣ ጭቃ ጥርሱን ይይዘዋል፣ ውኃም በመሃሉ ይሰርጋል፡፡ በገመድ ተሸብቦ ክዳን የሚደፋበት ቦርሳ ጠቅጥቃችሁም ይዘጋል፤ ገመዱ ቢበጠስ በሌላ ሲባጎ ታስሩታላችሁ፡፡ አፉ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ በማያያዣ የሚቆለፈው ደግሞ ዝናብን ከሁሉም ይበልጥ ይችላል፡፡ ልብ ብላችሁ ካያችሁት የስልቻ አንገት ነው! ችግሩ፣ ከታች ያለውን ለማግኘት ሁሉንም ማውጣት ነው፡፡ ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ቦርሳው ያምራል ወይ ሳይሆን፣ የያዝኩት ነገር ምን ቢነካው ይጠፋል ነው፡፡

እኔ የሚጠቀለለውን ገዝቻለሁ፡፡ አዛውንቱ እንደገና ሊያወጉኝ ቃል ገብተዋል፡፡ ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል፤ ስለዚህ በጋውን ሳልጠብቅ እሄዳለሁ፡፡